የጊታሪስቱ ልጆች

አንቺዬ፣ ነይ ጠጋ በይ፤ የዛሬው አንጀት ይበላል። ስልክሽን ገልብጠሽ አስቀምጪው። መሀል ላይ ካቋረጥሽኝ ማን ምን እንዳለ ይጠፋሽና እንደገና ከመጀመሪያው ንገሪኝ ትይኛለሽ፤ ይሄ ደግሞ ሁለቴ የሚወራ ነገር አይደለም።

ነገሩ የፍንጭት ነው። ፍንጭት አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከፊት ጥርሶቿ መሀል ክፍተት አለ፤ ስትስቅ እንዴት እንደሚያምርባት ባየሽ። እሷ ግን በእጇ ትሸፍነዋለች። ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ነው የምትውለው፣ ከእናቷ ጋር። ከእናቷና ከአስራ አንድ ውሾች ጋር።

ውሾች ስልሽ በር ላይ ታስረው የሚጮሁትን እንዳታስቢ። እነዚህ ጭን ላይ የሚታቀፉት ናቸው፤ ራሳቸው እንደ ኳስ ክብ፣ ዓይናቸው ፍጥጥ ያለ፣ አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያለ። እናትየዋ እያራባች ትሸጣለች። ድሮ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የልብስ መለኪያ ሜትሯ እስካሁን ከአንገቷ አይወርድም። አሁን የምትለካበት የቡችላ ራስ ነው። ግንባሩ ወጣ ያለና ራሱ ክብ የሆነው ለዘር ይቀራል፣ ሌላው ይሄዳል።

ቤቱ ሦስት የውስጥ በር አለው። ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ፣ ቡችሎቹ ለብቻ። የእናትየዋ ሕግ ደግሞ አንዱ በር ሳይቆለፍ ሌላው አይከፈትም ነው። ቁልፎቹ ፍንጭት አንገት ላይ ይውላሉ። ልጅቷ ከአልጋዋ ተነስታ ውጭ በር እስክትደርስ ሦስቴ ትከፍታለች፣ ሦስቴ ትቆልፋለች። ዳቦ ልትገዛ እንኳን ብትወጣ እናቷ ሰዓት እያየች ነው የምትጠብቃት።

“ወዴት ጠፍተሽ ነው?”

“ዳቦ ቤት ነዋ የላክሽኝ።”

“ስንዴው እስኪዘራ ጠብቀሽ ነው?”

እንዲህ ነው እንግዲህ ኑሮዋ። ያለቻት ጓደኛ አንዲት ናት፣ ጎረቤቷ ጸጉር ሠሪዋ። የጸጉር ቤቱ የጓሮ መስኮትና የፍንጭት መስኮት ፊት ለፊት ናቸው፤ በመሀላቸው አንድ ሰው በጎኑ ብቻ የሚያልፍበት መተላለፊያ አለ። በዛ መስኮት ባይተነፍሱ ኖሮ ፍንጭት ድሮ ነበር የምትፈነዳው።

የቤቱ ንጉሥ ጊታሪስት የሚባለው ውሻ ነው። ስሙ የወጣለት እንዲህ ነው፤ ደስ ሲለው፣ ወይ አንገቱ ላይ ማሰሪያ ሲደረግለት ቆም ይልና የኋላ እግሩን አንስቶ አንገቱ አጠገብ ያለውን አየር ያካል። ቆዳውን አይነካም። አየሩን ብቻ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ልክ ጊታር እንደሚመታ ሰው። ያየው ሁሉ በሳቅ ይሞታል። እናትየዋም “እንዲህ ያለ ተሰጥኦ በዘር መተላለፍ አለበት” ብላ የቡችሎቹ ሁሉ አባት አደረገችው። ቡችሎቹ ተሸጠው ዓመት ሲሞላቸው ገዢዎቹ ቪዲዮ ይልካሉ። “የእኛም ጊታር ጀመረ” ይላሉ። እናትየዋ ስልኩን ስማ፣ “ፍንጭቴ፣ ደብተሩ ላይ ኮከብ አርጊበት” ትላለች። ፍንጭት የትውልድ ደብተሩን ታወጣና፣ እናቱ እከሊት፣ አባቱ ጊታሪስት፣ የወሰደው እከሌ በሚለው ስር ኮከብ ትሥላለች። ባለ ኮከቦቹን ሴት ውሾች ደግሞ እናትየዋ አንዳንዴ ለምና ታስመልሳቸዋለች። ለዘር። ለዛው ለአባታቸው።

ዶክተሩ የመጣው እዚህ መሀል ነው።

የሰፈሩ የእንስሳት ሐኪም ጡረታ ሲወጡ በሳቸው ቦታ የተተካ ወጣት ነው። ሁሉን ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚያደርገው፤ ቀስ ብሎ ያንኳኳል፣ ቀስ ብሎ መርፌ ያወጣል፣ ሲያወራም ቃላቱን እንደ እንቁላል አንድ በአንድ ነው የሚያስቀምጣቸው። እናትየዋ “ቀስታ” ብላ ስም አወጣችለት። ፍንጭት ቡችላ ትይዝለታለች፣ እሱ ይከትባል። አንድ ቀን ከቡችላ ጆሮ በስተጀርባ ጣቶቻቸው ተገናኙ፤ ሁለቱም አላነሱም። ቡችላዋ እንኳን ዝም አለች።

እናትየዋ የልጇን ስልክ ስለምትፈትሽ ደብዳቤ ጀመሩ። የት ይደብቁት መሰለሽ? የውሾቹ የክትባት ካርድ ሽፋን ውስጥ። እናትየዋ ካርድ ከፍታ አታውቅም፤ የፍንጭት ሥራ ነው። “ቡችላዋን ስትይዢልኝ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቡችላዋን ፈርተሽ ነው ወይስ እኔን?” ብሎ ጻፈላት። “ቡችላዋን ነው። አንተ ምን ታስፈራለህ” ብላ መለሰችና ከዛ ሳምንቱን ሙሉ ምነው እንዲህ ባልመለስኩ ብላ ታመመች። እናትየዋ ፊት “ዶክተር፣ እርስዎ” ትለዋለች፤ ወረቀት ላይ “አንተ”። አንቺ ብትሆኚ የቱ ይጣፍጥሽ ነበር?

እናት ግን እናት ናት። አንድ ቀን ሲጫወቱ አይታ ገባት። እንዴት አትዪም? ልጅቷ አፏን ሳትሸፍን ሳቀችዋ።

አልተቆጣችም። ይሄ ነው የሚያስፈራው።

“ልጁ ጨዋ ነው፣ አልጠላሁትም” አለቻት። “ቅዳሜ ይምጣና የጊታሪስትንና የአምስቱን ቡችሎች ወረቀት ይፈርምልኝ። ቡችሎቹን የምትገዛው ባለ ሆቴል ያለ ወረቀት ንክች አላደርግም ብላለች። ከዛ ስለ አንቺ ያነጋግረኝ። በሩ ክፍት ነው።”

ፍንጭት በዛ ቤት ውስጥ በር ክፍት ነው ሲባል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቁልፎቹ አንገቷ ላይ ቀለሏት።

ወረቀቱ “አባትየውና ቡችሎቹ በዘር ከሚወርድ በሽታ ነጻ ናቸው” የሚል ነው። ቅዳሜ ዶክተሩ መጣ። ቀስ ብሎ ጊታሪስትን ጠረጴዛ ላይ አወጣው፣ ጣቶቹን ከራስ ቅሉ በስተኋላ፣ አንገቱ የሚጀምርበት ላይ አሳረፈ። ውሻው ጮኸ። ወዲያው እግሩን አንስቶ አየሩን ያክ ጀመር።

“ይኸው፣ እንግዳ ሲያይ ጊታሩን ያነሳል” አለች እናትየዋ እየሳቀች።

ዶክተሩ አልሳቀም። “ሲተኛ ራሱን ከፍ አድርጎ ነው?”

“አዎ፣ ትራስ ካላገኘ አይተኛም” አለች ፍንጭት።

“ሲያቅፉትስ ይጮሃል?”

“ቅምጥል ነዋ” አለች እናትየዋ። “ንጉሥ አይደል።”

“እትዬ፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም” አለ ዶክተሩ። “የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ጠቦታል። አንጎሉ ቦታ ሲያጣ ወደ አንገቱ ቀዳዳ ይገፋል። በዛ ማለፍ የነበረበት ፈሳሽ መንገድ ይዘጋበትና ህብለ ሰረሰሩን ከውስጥ ይቦረቡረዋል። ስለዚህ ምንም በሌለበት ያሳክከዋል፣ ያቃጥለዋል። ቢነካው ያመዋል። አየሩን የሚያከው ለዚህ ነው።”

“ልጄ፣ ስንት ዓመትህ ነው?”

“ሃያ ስድስት።”

“እኔ ውሻ ማሳደግ ከጀመርኩ አስራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ካንተ በፊት የነበሩት ዶክተር እዛ በሩ ላይ ቆመው ነበር የሚፈርሙልኝ።”

“በሩ ላይ ቆመው ምን ይታያቸው ነበር እትዬ?”

“ቡችሎቹስ?” አለች እናትየዋ። “ይበላሉ፣ ይጫወታሉ። ምን ሆኑ?”

“አሁን አይታወቅም። ብዙ ጊዜ ዓመት ሲሞላቸው ነው የሚጀምረው። አንጎልን በሚያነሳው ትልቅ ማሽን ሳይታይ መቶ በመቶ አልልም። ግን ነጻ ናቸው ብዬ መፈረም አልችልም።” ቦርሳውን ዘጋ፣ ካርዶቹን ቀስ ብሎ ደረደረ። ሲወጣ ፍንጭትን አላያትም። አንዴ እንኳን።

የክትባት ካርዶቹን እንዴት እንደከፈተቻቸው ልንገርሽ? በጥርሷ ሊሆን ምንም አልቀራትም። የአምስቱን ቡችሎች ካርድ አየች፣ ምንም። የእናታቸውን አየች፣ ምንም። የጊታሪስትን ካርድ ደግሞ እናትየዋ ለባለ ሆቴሏ ላሳያት ብላ በቦርሳዋ ይዛው ሄዳለች። ፍንጭት ያቺን አንዷን አላሰበቻትም፤ በቃ አልጻፈልኝም አለች። እሁድ ዝም። ሰኞ ዝም።

“አየሽ የኔ ልጅ?” አለቻት እናቷ ሳህን እያጠበች። “ለአንዲት ፊርማ ያልሆነ ወንድ ለትዳር ይሆናል?”

ከሁሉ የባሰው እናቷ ልክ መሰለቻት። አልፈርምም ሲል የሰማችው እሷን አልፈልግም ሲል ነበር።

ማክሰኞ እናትየዋ ገብታ አንድ የታጠፈ ወረቀት አልጋው ላይ ጣለችላት። “ጊታሪስት ካርድ ውስጥ ነበር። አንብቤዋለሁ። እንዳትናደጂ፣ እናትሽ ነኝ።”

ደብዳቤው እንዲህ ይላል።

“ይሄን ጽፌ የመጣሁት ጊታሪስትን ቀድሜ ጠርጥሬው ነው። ዛሬ የማላይሽ አውቄ ነው። ካየሁሽ እፈርማለሁ። እናትሽ ሺ ጊዜ ብትለምነኝ እምቢ እላለሁ፤ አንቺ አንዴ ፈርም ካልሽኝ ግን እጄ እምቢ አይልሽም። እባክሽ እንዳትዪኝ። ደብተሩ አንቺ ጋ ነው። ኮከቦቹን ቁጠሪያቸው።”

“ሂጂ በይ” አለቻት እናቷ፣ ድምጿ ለስላሳ ሆኖ። “ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ። አንቺ ካልሽው ይፈርማል፣ በገዛ እጁ ጽፎታል። እሱም ያንቺ ይሆናል፣ ባለ ሆቴሏም ውሾቿን ትወስዳለች። ማን ተጎዳ?”

አየሽ ወጥመዱን? ሦስት ቀን ሙሉ አይወደኝም ብላ ያለቀሰች ልጅ፣ እንደሚወዳት ያወቀችበት ወረቀት ራሱ ገመድ ሆነባት።

ደብተሩን ከፈተች። በጊታሪስት ስም ሃያ ሦስት የተሸጡ ቡችሎች አሉ። አስራ አራቱ ላይ ኮከብ። አንዱ ኮከብ ላይ ቀይ ቀለም ቀብታዋለች፣ ከውስጡ ፈገግታ ሥላበታለች። የሠራችው እሷ ናት፣ ደስ ብሏት። ከስሩ የወሰደው ሰው ስም አለ፤ “ልጆቹ በጣም ወደውታል” ብላ ጽፋለች።

“እማ” አለች፣ “እነዚህ ሁሉ አሟቸው ነው እንዴ?”

እናትየዋ ሜትሯን ከአንገቷ ላይ መጎተት ጀመረች፣ ወዲህ ወዲያ። “እኔ ምን አውቃለሁ። ደስ ብሎት ነው የመሰለኝ” አለች። ለአፍታ ፊቷ እንደ ሕፃን ሆነ። ከዛ ቶሎ ሰበሰበችው። “ሰዓት ይሄዳል። ልበሺና ውጪ።”

ፍንጭት ወጣች። ሦስቱን በር ከፈተች፣ ሦስቱን ቆለፈች። ደብተሩን ሹራቧ ስር ከተተችው። ለምን እንደያዘችው ግን ብትጠይቂያት አታውቅም ነበር።

ክሊኒኩ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ዶሮ በቅርጫት ይዘው ተቀምጠዋል። “ልጄ፣ ዘመዱ ነሽ?” አሏት። “ይሄ ልጅ ዛሬ ምን ነክቶታል? የዶሮዬን ዕድሜ ሦስቴ ጠየቀኝ። እኔ የራሴንም አላውቅ።” ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

ዶክተሩ የብረት ጠረጴዛውን እያጸዳ ነበር። የተጸዳውን እንደገና። ሲያያት ጨርቁ እጁ ላይ ቀረ።

“እማ ልካኝ ነው” አለች።

“አውቃለሁ።”

“ደብዳቤህን አንብባዋለች።”

ጆሮው ድረስ ቀላ። “ሙሉውን?”

“ሙሉውን።”

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አንደኛው ጠርዝ እየተጠቀለለ አስቸገራት፣ በጣቷ ያዘችው። ልክ ከሁለት ወር በፊት ጣቶቻቸው እንደተገናኙት ቅርብ ለቅርብ ነበሩ። የሚታጠብበት ሳሙና እንኳን ይሸታታል።

“ፈርምልኝ” አለችው።

ረጅም ጊዜ አያት። ከዛ ያ ቀስታ የሚባለው ሰው እስክሪብቶውን ከኪሱ በአንዴ አወጣው። “እሺ” አለ። “ነገ ቤታችሁ እመጣለሁ። ስለ አንቺ እናገራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ፤ ጊታሪስት ያለበት ክፍል አታስገቢኝ። መቼም ቢሆን። እሱ ፊት መቆም አልችልም።”

አንቺ፣ እሺ አላት እኮ። የመጣችበትን ነገር አገኘች። ታዲያ ለምንድነው ደስ ያላላት? እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲነካ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ቀስ ብሎ ሲወጣ አየች። ይሄን ሰው የወደደችው ለምን ነበር? ጆሮውን አይደለም፣ ቁመቱን አይደለም። በር ላይ ቆሞ ስለማይፈርም ነው።

መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። እስክሪብቶው እጇ ላይ ሰማያዊ መስመር አሰመረ።

“አትፈርም።”

“አሁን ፈርም አልሽኝ እኮ።”

“አሁን ደግሞ አትፈርም አልኩህ። ሰው ሀሳቡን አይቀይርም?” ድምጿ ተሰበረ። ወረቀቱን ጨምድዳ ያዘችው፣ በሌላ እጇ ደብተሩን ከሹራቧ ስር አወጣች። “አስራ አራት ናቸው። ስማቸውም፣ የወሰዷቸው ሰዎች ስልክም አለ። ደውልላቸው። ጊታር አይደለም በላቸው።”

ደብተሩን አላነሳውም። “እናትሽስ?”

“እናቴ ናት። ምን ላድርጋት፣ አልቀይራት።”

“ይቅር አትልሽም።”

“አውቃለሁ።” አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። “መድኃኒት አላቸው?”

“ሕመሙን የሚያስታግስ አለ። እንዳይወልዱም ማድረግ ይቻላል። ጠባብ የሆነውን ቅል ግን ማስፋት አይቻልም።”

“እኔስ?” አለችው። “እኔም እኮ ቦታ አጥቼ ነው። እዛ ቤት ውስጥ ሁሉ ነገሬ እየተገፋ እየተገፋ እዚህ ጋ ደርሷል” ብላ ጉሮሮዋን ነካች።

እጇን ያዘው፣ ያንን ሰማያዊ መስመር ያለበትን። ከበሩ ውጭ ዶሮዋ ጮኸች፣ ሽማግሌውም “ዝም በይ እስቲ፣ ሰው ሥራ ላይ ነው” አሏት። ሁለቱም ሳቁ፣ ሳቁም ወዲያው ለቅሶ ሆነ፤ ፍንጭት በሕይወቷ እንደዛ ሰፊ ሆና አታውቅም፣ እንደዛም አዝና አታውቅም።

ቤት ስትደርስ እናቷ ሦስተኛው በር ላይ ቆማ ነበር።

“ፈረመ?”

“ሊፈርም ነበር፣ እኔ ከለከልኩት። ደብተሩንም ሰጠሁት እማ።”

እናትየዋ አልጮኸችም፣ እጇንም አላነሳችም። ቀረብ ብላ ቁልፎቹን ከልጇ አንገት ላይ አወለቀች፣ ልክ ለልጅ ሹራብ እንደሚወልቀው፣ ጸጉሯን እንዳይዝባት እየተጠነቀቀች። “እንግዲህ እሱን እዚህ ቤት አላየውም” አለች። “አንቺንም ከዚህ ቤት ውጭ አላይሽም።” ክፍሏን ከውጭ ቆለፈችባት።

ፍንጭት በሩ ላይ ተደግፋ ቁጭ አለች። የእናቷ እግር ወደ ወንዶቹ ክፍል ሲሄድ ሰማች፣ በር ሲከፈት። ከዛ የእናቷ ድምጽ፣ ለማንም ተናግራው በማታውቅ አነጋገር፣ “አሞህ ነው እንዴ የኔ ጌታ? አሞህ ነው?” ሲል። ፍንጭት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ብትጠላት እንዴት በቀለላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በመስኮቱ ጸጉር ሠሪዋን ጠራቻት። ጓደኛዋ አንዲት ደንበኛ ማድረቂያ ስር አስቀምጣ፣ ማበጠሪያ በአፏ ይዛ መጣች። ፍንጭት በመስኮቱ ብረት መሀል ሁሉንም ነገረቻት፣ ፊርማውን፣ ደብተሩን፣ ቁልፉን። ዶክተሩ ከማለዳ ጀምሮ አስራ አራቱን ቤት እየደወለ እንደሆነ ጸጉር ሠሪዋ ቀድማ ሰምታለች፤ ሰፈር አይደል። ፍንጭት ግን የጠየቀቻት ይሄንን ነው፤ “እማ እሺ እስክትል ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አላውቅም። ይጠብቀኛል? አጉል ነገር አድርጌ ይሆን? ፈርሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤታችን ይመጣ ነበር እኮ።”

ጸጉር ሠሪዋ ማበጠሪያውን ከአፏ አወጣች። የመለሰችላትን ቃል በቃል እነግርሻለሁ፦

“ይጠብቅሽ አይጠብቅሽ እኔ እግዜር አይደለሁም፣ ጸጉር ነው የምሠራው። ግን ፈርሞ ቢያገባሽ ኖሮ ማታ ማታ አጠገብሽ የሚተኛው በር ላይ ቆሞ የሚፈርመው የድሮው ሽማግሌ ዶክተር ነበር። አሁን ታስረሽም ቢሆን የምትናፍቂው ራሱን ነው። በይ ፊትሽን ታጠቢ፣ ደንበኛዬ ተቃጠለች።”